ቪዲዮውን አቁሙና እርሳስ አንሡ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ሐይቅ፣ ምህንድስና የጀመራችሁ ልጆቼ፤ እኛ አንድ የስታቲክስ (በቆመ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ትምህርት) መጽሐፍ በተራ እየተዋዋስን ነው የተማርነው። ዛሬ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ያደረገው ኦፕን ኮርስዌር ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ የብዙ ትምህርቶችን ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ፈተና ዘርግቶላችኋል። ኤንፒቴል የሚባለው የህንዶቹ የቪዲዮ ትምህርትም ለሲቪል ምህንድስና ተማሪ የማይጠገብ ማዕድ ነው። ቀናሁባችሁ ብል አላፍርም።

ቅር የሚለኝ ትምህርቱን እንደ ፊልም ማየታችሁ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲፈታው ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ቅለቱ ግን የእሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። ጥያቄው እንደ ተነበበ ቪዲዮውን አቁሙ። አካሉን ከአካባቢው ነጥላችሁ ሳሉ፤ የሚያርፍበትን ኃይል ሁሉ በቀስት አመልክቱ። ቢያቅታችሁም ከሙከራችሁ በኋላ መምህሩን ስትሰሙት ጆሯችሁ ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። ዳገት ላይ የተሠራ የደሴ ሰፈር የድጋፍ ግንብ አያጣም። ከግንቡ ጀርባ ያለውን ውኃ የሚያስወጡትን ትንንሽ ቀዳዳዎች አስተውሉ። ግቢዬን አጨቀየብኝ ብሎ በሲሚንቶ የደፈናቸው ጎረቤት አለኝ፤ ስሙን አልጠራም። 3 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ጀርባ የክረምት ውኃ ቢሞላ፣ ግፊቱ ከላይ ዜሮ ሆኖ ከሥር ወደ 29 ኪሎፓስካል ይደርሳል። ድምሩ ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 44 ኪሎኒውተን ያህል ነው፤ አራት ቶን ተኩል ጭነት ግንቡን ወደ ጎን ገፋው ማለት ነው፣ የአፈሩ ግፊት ሳይቆጠር። ከፍታው ወደ 6 ሜትር ቢያድግ ድምር ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ግንቡን የሚገለብጠው ሞመንት (የማዞር አቅም) ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለምን ስምንት? ደብተራችሁ ላይ አውጡት። ይህን ያሰላ ልጅ ቀዳዳ አይደፍንም።

ስለ ምስክር ወረቀት ብዙ አልልም፤ ገንዘብ ካላችሁ ክፈሉ፣ ከሌላችሁ እውቀቱ ይበቃችኋል። የዲዛይን ሶፍትዌር ግን አያስቸኩላችሁ። ካልኩለስና ስታቲክስ ይቅደሙ፣ የቁሳቁስ ጥንካሬ ይከተል። የሶፍትዌሩን ውጤት በእጁ ገምቶ ማረም የማይችል ሰው ቁጥሩን እንዳለ ይፈርምበታል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ፊርማ ነው።

ኢንተርኔቱ ከጠፋባችሁ ሲገኝ ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ አውርዱ፤ የፋይላቸው መጠን ከቪዲዮው ያነሰ ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አጥኑ። መልሱን የያዘውን ፋይል ጓደኛችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡት፤ ሥዕላችሁን ሳያይ እንዳይሰጣችሁ ተስማሙ።