ለአምባሰሉ ቪዲዮ የመጣብህ የኮፒራይት ጥያቄ

አጎትህ አምባሰል ሲጫወቱ የሚያሳየውን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ጭነህ፣ ሌላ ወገን "ዜማው የኔ ነው" ብሎ የኮፒራይት (የቅጂ መብት) ጥያቄ እንዳቀረበብህ ነግረኸኛል። ቪዲዮውን አታጥፋው፣ ተከራከር። አጎትህ ደሴ ቤታቸው ቁጭ ብለው በማሲንቆ የተጫወቱትን አንተው በስልክህ ከቀረጽከው፣ ግጥሙም የራሳቸው ከሆነ፣ ምንም አትፍራ። አምባሰል ቅኝት (ዜማ የሚሠራበት የድምፆች ስልት) ነው፣ እንደ ትዝታና ባቲ፤ ቅኝት ደግሞ ባለቤት የለውም። ቪዲዮዎችን በራሱ የሚያመሳክረው የዩቲዩብ ማሽን ነው ዜማ የተመሳሰለበት።

1. ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተህ ከቪዲዮው አጠገብ ያለውን የኮፒራይት ማሳሰቢያ ንካ።
2. መከራከሪያውን ምረጥና "ራሳችን ተጫውተን ራሳችን ቀረጽነው" ብለህ ባጭሩ ጻፍ።
3. 30 ቀን ጠብቅ። የኔ ነው ያለው ወገን እስከዚያ ካልመለሰ ጥያቄው ይቀርልሃል።

"የድሮ የኪነት ቡድን ካሴቶችም በመንግሥት በጀት ስለተሠሩ የሁላችን ናቸው፣ እነሱንም ልጫን" ያልከው ግን አያዋጣህም። እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ እንደዛው አስቤ ከአንድ አሮጌ ካሴት ቀድቼ ጫንኩና ስትራይክ (የዩቲዩብ የኮፒራይት ቅጣት) በላሁ። ገንዘቡ ከግብራችን ቢወጣም የኮፒራይት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለዘፋኙም ለቀረጸውም መብት ይሰጣል (ለዘፋኞቹ ያኔ ስንት ደርሷቸው ይሆን፣ እሱ ሌላ ጉድ ነው)። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ ከመጣብህ ደግሞ ቻናልህ ከነአጎትህ ቪዲዮ ሊዘጋ ይችላል።