መልስ፦ በእጅ ሥራ እየኖሩ ማስታመም ይቻላል?

እህቴ፣ «እናቴን እያስታመምኩ ባሕር ዳር ላይ በሽመናና በደንገል ሥራ መኖር እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ትችያለሽ፤ ብቻሽን ከሆንሽ ግን ይከብድሻል።

አውራምባን ሄደሽ እዪው። ፎገራ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከወረታ ብዙም አይርቅም። ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል። ሴቷ ትሸምናለች፤ ወንዱም ይፈትላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤትም አላቸው። መንከባከብን እንደ ሽመናው ሁሉ ሥራ ብለው መቁጠራቸው ልቤን ይነካዋል። በእኛ ሰፈር ማስታመም የሴት ልጅ ዕጣ ተደርጎ ዋጋ አይቆረጥለትም፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ደንገሉን በተመለከተ፣ ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩትን ቀርበሽ ተመልከቺ። የደረቀውን ደንገል ጠቅልለው፣ ማሰሪያውን በሙሉ ጉልበት እየሳቡ ይጠፍሩታል። ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ አውጥተው ያደርቁታል፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ገዢው ወደ ሠሪው ደጋግሞ ይመለሳል።

መጀመሪያ ሦስት አራት ሆናችሁ እቁብ ጀምሩ። ድርና ማጉን በጋራ ግዙ። በየተራ እናትሽ ዘንድ የሚውል ሰው ከመካከላችሁ ይኑር፤ የዚያ ቀን ድርሻውም እንደ ሸመነ ይታሰብለት።