ኪሳችን እኩል ያልሆነ አራት ጓደኛሞች ነን፣ የት እንሂድ?

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው፣ ዛሬ እኔም ልጠይቅ። ከካምፓስ ጀምሮ የማንለያይ አራት ሴቶች ነን፣ ሁላችንም ሰላሳን እየነካን ነው፣ እና ሁሉም በየትዳሩ ሳይበተን አንዴ እንኳን ከሀገር ወጥተን አራት አምስት ቀን ተዝናንተን እንምጣ ከተባባልን ሦስት ዓመት ሆነን። የቴሌግራም ግሩፓችን ስሙ ራሱ "ዱባይ" ነው። ግን በቃ አንዷ የቲኬት ዋጋ ትልካለች፣ አንዷ የሆቴል ፎቶ ትልካለች፣ ሦስት ቀን እንንጫጫለን፣ ከዛ ጭጭ ነው። ከመሀላችን አንዷ ባንክ ነው የምትሰራው ደህና ይከፈላታል፣ አንዷ ደግሞ አስተማሪ ናት፣ ስለ ዋጋ ሲወራ "እናንተ ወስኑ እኔ ምንም አልልም" ትልና ከግሩፑ ላይ ትጠፋለች። ብዙ የማያስወጣ ግን ባህር ያለበት ቦታ የት አለ? ደግሞስ ሳንጣላ እንዴት ሄደን እንምጣ?
ት. ከጎተራ

መልስ

መጀመሪያ የግሩፑን ስም ቀይሩት። ዱባይን ጠልቼ አይደለም፣ ግን ቪዛ አለ፣ ከቪዛውም በላይ ሞሉ አለ፣ አራት ሴት ዱባይ ሄዳችሁ ባህር ዳር ተኝታችሁ ብቻ ትመለሳላችሁ ብዬ አላምንም፣ ሁለተኛ ሻንጣ ይገዛል፣ ሻንጣው ይሞላል፣ የአክስት ልጅ ሁሉ "ስልክ አምጪልኝ" ይላል፣ ዋናው ወጪ እሱ ነው። ባህር ከፈለጋችሁና ኪስም ካሳሰባችሁ ኬንያ ሂዱ፣ ሞምባሳ፣ ከዛም ዲያኒ (ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለ የባህር ዳርቻ ነው)። ለኛ ፓስፖርት ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ወደ አስተማሪዋ ልምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነበው አይኔ የቀረው እሷ ላይ ነው። "እናንተ ወስኑ" ማለት "የምትወስኑትን አልችለውም፣ ግን አታናግሩኝ" ማለት ነው። ይሄን በራሴ ጓደኞች አይቼዋለሁ። አራት ሆነን ነበር የሄድነው፣ እኛም ዲያኒ ነበርን፣ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ እንደ ልማዳችን "በሞቴ እኔ ነኝ የምከፍለው"፣ "ኧረ አይሆንም ተው"፣ የአስተናጋጁን እጅ ጎትተን ልንገነጥለው ነበር። ማታም እንደዛው፣ በማግስቱም እንደዛው፣ ተራ ነው እየተባለ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንደኛው ጓደኛችን ራሴን አሞኛል ብሎ ክፍል ቀረ። እኔ ውሃ ልገዛ ወጥቼ ከሰፈሩ ሱቅ ጎን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ በማንዳዚ (ማንዳዚ የነሱ ቦምቦሊኖ በይው) ሲበላ አገኘሁት። ተያየን። "ራስ ምታቴ ለቀቀኝ" አለኝ። እኔም ቁጭ አልኩና አንድ ለራሴ አዘዝኩ፣ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተነፈስንም፣ ያ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው፣ ያኔ ማውራት ነበረብኝ። ተራው ደርሶ አንድ እራት ለአራት ሰው ከፍሎ የቀሪ ሁለት ቀን ገንዘቡን ጨርሶ እንደነበር የሰማሁት ከስንት ወር በኋላ ነው፣ እሱም ከሚስቱ።

ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ቁጥር ምረጡ። አራታችሁም ማውጣት የምትችሉትን ከፍተኛ ብር ለየብቻችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ስም የለ ምን የለ፣ ስኒ ውስጥ ጨምሩት፣ ከዛ ትንሹ ቁጥር ነው ጉዞው። አማካይ አትውሰዱ፣ ትንሹን! ባንክ የምትሰራዋ የተረፋትን ለራሷ ማሳጅ ታውለው፣ ማንም አይከለክላትም፣ ግን የጋራው ነገር በትንሹ ቁጥር ይሂድ። ከዛ እቁብ ጀምሩ፣ ግን እጣ የማይወጣበት፣ በየወሩ እኩል ወደ አንድ ሒሳብ የሚገባ፣ እና ገንዘብ ያዥ አስተማሪዋ ትሁን። ገንዘቡ በእጇ ያለ ሰው "እናንተ ወስኑ" አይልም።

ጊዜውን ደግሞ በብልሃት ያዙት። በፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ናይሮቢ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ባህሩ ይወርዳል፣ የአልጋ ዋጋም ባቡሩም አይቀመስም። የኛ ገና ሲደርስ ግን እነሱ በዓላቸውን ጨርሰው ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው፣ በገናና በጥምቀት መሀል ያለችው ሳምንት ለኛ የተሰራች ናት ማለት ይቻላል፣ ደረቅ፣ ሙቅ፣ ግርግሩም ጋብ ያለ። ሚያዝያና ግንቦት የዝናባቸው ወቅት ነው፣ ርካሽ ነው ብለው ቢያባብሏችሁ እንዳትሰሙ፣ ባህር ሄዶ ጃንጥላ መያዝ ምን ያደርጋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ናይሮቢ በጠዋት በረራ ግቡና ከተማ ሳትገቡ (ትራፊኩን ብታዪው የኛ መስቀል አደባባይ ይናፍቅሻል) በቀጥታ ሲዮኪማው ወደሚባለው የባቡር ጣቢያ ሂዱ፣ ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው። ባቡሩ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራ አዲሱ መስመር ነው፣ ናይሮቢ ሞምባሳ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ኢኮኖሚው 1500 ሺሊንግ፣ አንደኛ ማዕረጉ 4500 ነው። ሦስት እጥፍ የሚያስከፍል ምንም ነገር አላየሁበትም፣ ወንበሩ ሰፋ ይላል፣ በቃ። ከቀኑ 9 ሰዓት የሚነሳው ይሻላችኋል። የማታው የሆቴል አዳር ያድናል ብላ አንዷ ትነሳለች፣ እንዳትሰሟት፣ ሳይነጋ ጣቢያ ላይ ይጥላችሁና ያዳናችሁትን ታክሲ ይበላዋል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ በሰልፍ ተደርድሮ ውሻ ነው የሚያሸተው፣ እኛ ዘግይተን ሮጠን ደርሰን ውሻው ጓደኛዬ የያዘው ዶሮ ወጥ የነበረበት ሻንጣ ጋ ሲቆም የሳቅነው ሳቅ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነበር። በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ደመና ከሌለ ኪሊማንጃሮ ይታያል፣ መሀል ላይ ጻቮ የሚባለውን ፓርክ ስታቋርጡ አፈሩ ቀይ ስለሆነ ዝሆኖቹም ቀይ ናቸው፣ የፓርክ መግቢያ ሳይከፈል ዝሆን ታየ ማለት ነው።

ሰዓት ላይ አትደናገጡ። በስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠሩ ልክ እንደኛ ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት "ሳ ሞጃ" ይላሉ፣ ሞጃ አንድ ነው፣ የኛዋ ከቀኑ 9 ሰዓትም "ሳ ቲሳ" ናት። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን እንደ ፈረንጅ ይቆጥራሉ፣ ቲኬቱም እንደዛ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ ባለ ባጃጁን በየትኛው ቋንቋ እንደቀጠራችሁት አስታውሱ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሞምባሳ ከተማ እደሩ፣ ጠዋት ፎርት ጂሰስን እዩ፣ ፖርቹጋሎች በ1593 መስራት የጀመሩት ምሽግ ነው፣ ከዛ የድሮውን ሰፈር በእግር። ከሰዓት በሊኮኒ ጀልባ ተሻገሩ፣ ለእግረኛ ነጻ ነው፣ ከነብስክሌቱ ከነአናናሱ ሺህ ሰው አንድ ላይ ተጭኖ የሚሻገርበት ትልቅ ጀልባ ነው፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩና ዝም ብላችሁ ሰው እዩ። ከማዶ ማታቱ (የነሱ ሚኒባስ) ኡኩንዳ ያደርሳችኋል፣ ከኡኩንዳ ዲያኒ ባጃጅ ነው፣ እነሱ ቱክቱክ ነው የሚሉት። እዛ ሆቴል አትያዙ፣ ኩሽና ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለአራት ተከራዩ፣ ዓሣ ጠዋት ከአሣ አጥማጆቹ እጅ ይገዛል፣ ሚጥሚጣ ከቤት ያዙ። ጾም ከሆነ ደግሞ በኮኮናት ወተት የሚሰራ ቦሎቄ አላቸው፣ ከቻፓቲ ጋር፣ እኔ ጾም ሳይሆንም በላሁት።

ሲሙን ናይሮቢ ኤርፖርት በፓስፖርታችሁ አውጡና ኤምፔሳ ክፈቱበት፣ አንድ ስልክ ላይ ብቻ፣ ገንዘብ ያዥዋ ላይ። የጋራው ብር ሁሉ እዛ ይግባ፣ ቱክቱክም ዓሣም ማንዳዚም ከዛ ይከፈል፣ እያንዳንዷ ሺሊንግ በሜሴጅ ተመዝግባ ትቀመጣለች፣ "በሞቴ" የሚባል ነገር አይኖርም ምክንያቱም የሚከፍለው ስልኩ ነው። ዶላሩን ፓስፖርትና ደርሶ መልስ ቲኬት ይዛችሁ ከባንክ ጠይቁ፣ ጓደኛሽ ባንክ ነው የምትሰራው ብለሽ የለ፣ ወረቀቱን እሷ ትጨርስላችሁ። ቲኬቱን ስትቆርጡ ደግሞ መሄጃ ናይሮቢ፣ መመለሻ ከሞምባሳ የሚለውንም ዋጋ ጠይቁ፣ የኛ አየር መንገድ ከሞምባሳ በቀጥታ ይበራል፣ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ታተርፋላችሁ።

ሌላው ጥቃቅን ነው ግን ያናድዳል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው፣ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፣ ስለዚህ ለመጨረሻው ሳምንት እንዳታቆዩት። ፌስታል እንዳትይዙ! ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ሽሮውንም ሚጥሚጣውንም ጣሳ ውስጥ። የሶኬታቸው ቀዳዳ ሦስት ጠፍጣፋ ነው፣ የኛ ቻርጀር አይገባም፣ አዳፕተር እዚሁ ግዙ። መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል ይመለሳል፣ ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ በባዶ እግር አትሂዱ፣ እሾሃም ፍጥረት አለ፣ ያ ራሱን ያመመው ጓደኛዬ አራተኛው ቀን ላይ እግሩንም አመመው፣ የዛኛው ግን እውነት ነበር።

ጥያቄ

ጋሼ እንደምን አሉ፣ እኛ ሦስት ወንዶች ነን፣ ሐዋሳ ነው ያለነው። በሞያሌ በመኪና ናይሮቢ ብንሄድ በጣም ይረክሳል አይደል? የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለን።
ሐ. ከሐዋሳ

መልስ

ይረክሳል፣ ግን ፈቃዳችሁን መንገዱ ይበላዋል። ከሐዋሳ ሞያሌ አንድ ቀን ሙሉ ነው፣ ድንበሩ ማታ ስለሚዘጋ እዛ ታድራላችሁ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ማርሳቢትን ያለፉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ድንጋይ ለድንጋይ፣ አሁን እስከ መጨረሻው አስፋልት ነው፣ አውቶቡስም አለ። እኔ ብሆን በመኪና ሄጄ በአውሮፕላን እመለሳለሁ፣ በረሃውንም አየሁ፣ ናንዩኪ ጋ የምድር ወገብ ምልክቱ ሥር ፎቶም ተነሳሁ፣ መመለሻ ላይ ደግሞ ወገቤ ተረፈ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን በዛው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ፣ እና የሁለቱንም ሀገር ማህተም ፓስፖርታችሁ ላይ ሳታዩ እንዳታልፉ። ሞያሌ አንድ ከተማ ስለሚመስል ሰው ሳያውቀው ተሻግሮ ሻይ ይጠጣል፣ ችግሩ የሚመጣው ስትወጡ ነው።

ጥያቄ

እናቴ "ሴት ልጅ ከጓደኛ ጋር ውጭ ሀገር ምን ቀረኝ ብላ" አለችኝ። 27 ዓመቴ ነው፣ ገንዘቡም የራሴ ነው፣ ጓደኞቼን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ምን ልበላት?
ልጅቷ ከደብረ ብርሃን

መልስ

አትከራከሪያት። ጓደኞችሽን በሙሉ አንድ እሁድ ቡና ጥሪያቸው፣ እነሱ ይንገሯት፣ የእናት ልብ ከልጇ ይልቅ የሰው ልጅ ሲለምን ነው የሚራራው። የምታርፉበትን አድራሻና የአንዷን ጓደኛሽን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊላት። ናይሮቢም የኛ ቤተክርስቲያን እንዳለ ጣል አድርጊላት፣ እሱ ብዙ ነገር ያቀልላል። እና የምትሄጂበትን ቀን ደጋግመሽ አታንሺ፣ የምትመለሺበትን ንገሪያት፣ ቲኬቱን አሳዪያት። እኔም እናቴን እንደዛ ነው ያስፈቀድኳት፣ ያኔ 34 ዓመቴ ነበር።