ለጎንደር ሁለተኛ ቀንሽ፦ ቀሃን ተሻገሪ

ሰላም እህቴ። «ለሁለት ቀን ጎንደር እመጣለሁ፤ ከፋሲል ግቢ ሌላ ምን ልይ?» ላልሽው፣ ያደግኩበት ከተማ ነውና ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ጎንደር ሁለት ወንዝ አላት። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት ግቢውን ያሠሩት በሁለቱ መሀል፣ ከፍታው ላይ ነው። አብዛኛው እንግዳ ግቢውን ዞሮ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት አይቶ፣ ፒያሳ ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። እነዚያን በመጀመሪያው ቀን ጨርሺያቸው። ሁለተኛውን ቀን ለቀሃ ስጪልኝ።

በጠዋት ባጃጅ ይዘሽ ጥምቀተ ባሕር፣ የፋሲል መዋኛ ወደሚባለው ገንዳ ውረጂ። ገንዳው ውሃ የሚያገኘው ለጥምቀት ነው፤ ከቀሃ በቦይ ይሞላል። ደረቅ ሆኖ ካገኘሽው አይክፋሽ። አጥሩን ተጠግተሽ ዙሪው። የዛፎቹ ሥር በግንቡ ላይ ወርዶ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። ሥሩ ግንቡን እየሰነጠቀው ይሁን ደግፎ ያቆመው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼው አይቼው አልለየልኝም።

ከዚያ ቁስቋም። ዳገት ስለሆነ ጥሩ ጫማ አድርጊ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ግንባቸውንና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያምን ያሠሩት እዚህ ነው። ስሙ እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ካረፈችበት ከግብፁ ቁስቋም የመጣ ነው። ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ (የማህዲ) ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ቤተ ክርስቲያኑም ነደደ፤ አሁን የምታይው በኋላ የተሠራው ነው። ግንቡ ጣሪያ የለውም። ግን ግድግዳው ላይ ቀላ ካለ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች ቀርበሽ ተመልከቻቸው። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም እዚያው በመስተዋት ሣጥን አለ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከአያቴ ጋር ነው። ነጠላዋን አደግድጋ ለረጅም ሰዓት ቆመች፤ እኔም ሳትነግረኝ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ። እኩለ ቀን ላይ አትሂጂ። ባለፈው እንግዳ ይዤ በዚያ ሰዓት ደርሼ፣ ቁልፍ የያዙት አባት ስላልነበሩ አንድ ሰዓት ተኩል ደጅ ጠበቅን። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሻላል። ነጠላሽን አትርሺ።