የቦርድ አባል በግሉ ምን ሥልጣን አለው?

ጥያቄ፦ በልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ወክዬ የቦርድ አባል ከሆንሁ ጥቂት ወራት አልፈዋል። ጎረቤቶቼ በአንድ መምህር ላይ ያላቸውን አቤቱታ ቤቴ ድረስ ይዘው ይመጣሉ። መምህሩን ጠርቼ ማነጋገር እችላለሁን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እኔም ለዓመታት በቦርድ አባልነት ያገለገልሁ በመሆኔ የሚሰማዎትን ጫና በሚገባ እረዳለሁ፤ ሆኖም መምህሩን በግልዎ ጠርተው እንዳያነጋግሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ቦርድ ሥልጣን የሚኖረው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ በስብሰባ ሲወስን እንጂ አባላቱ በየግላቸው ሲንቀሳቀሱ አይደለም፤ የመምህራንን የዕለት ተዕለት ሥራ መምራትም የርእሰ መምህሩ ኃላፊነት ነው።

ከዚህም በላይ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ክስ አድጎ ይግባኙ ለቦርዱ ቢቀርብ፣ የአንዱን ወገን ቃል አስቀድመው ሰምተው አቋም የያዙ አባል ገለልተኛ ሊሆኑ ስለማይችሉ፣ ራስዎን ከውሳኔው ለማግለል ይገደዳሉ። መምህሩም ቃሉ ሳይሰማ የተፈረደበት ሰው ይሆናል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

ይህ ሲባል ግን ወላጆችን በር ዘግተው ይመልሷቸው ማለት አይደለም። በትዕግሥት ያዳምጧቸው፤ በመጀመሪያ መምህሩን እንዲያነጋግሩ፣ ካልተፈታም ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ እንዲያመለክቱ መንገዱን ያሳዩአቸው። ልጅ ተደበደበ ወይም ለአደጋ ተጋለጠ የሚል አቤቱታ ሲመጣ ግን በዚያው ዕለት ለርእሰ መምህሩ ያሳውቁ። ተመሳሳይ ቅሬታ ከብዙ ወላጆች ከተደጋገመ ደግሞ፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ የአቤቱታ አቀራረብ ሥርዓቱ በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ ሰብሳቢውን ይጠይቁ።