እስቲ ወረቀቱን አሳዩኝ

ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ጭማቂ ቤት አለ፤ መፍጫው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ደንበኛ ማልቀስ ሲጀምር እሱም ይጀምራል። በመስኮቱ በኩል፣ በዘንባባዎቹ መሀል፣ ጣና በትንሹ ይታያል። ሦስት ጠበቆች ነን። አንዱ ባልደረባዬ ነጋዴዎችን ይይዛል። ሌላው የቦታና የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ላይ ነው። ትዳርና ውርስ የኔ ነው። ሴት ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበርኩበት ዘመን ከዚህ ሌላ ብዙም አላየሁም።

ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ጥቂቱን መርጫለሁ። ስም አናወጣም። የቤት ቁጥራችሁን ጭምር የጻፋችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ሁለተኛ እንዳትጽፉ።

ጥያቄ፦ በ2011 ዓ.ም. ከአብሮ አደጌ ጋር የቱሪስት ጀልባ ሥራ ጀመርን። ጀልባውን እሱ ገዛ፣ ሞተሩን እኔ። 180 ሺህ ብር በባንክ አስገባሁለት። እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል እያመላለስን ትርፉን እኩል ልንካፈል ተስማማን። መጀመሪያ አካባቢ በየወሩ የድርሻዬን ይልክልኝ ነበር። ጀልባው በሱ ስም ነው። ውል መፈራረም አሳፈረን፤ አብረን ነዋ ያደግነው። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ሥራው ሞተ። አሁን ለሠርግና ለበዓል የከተማ ሰው ሲከራየው ትንሽ ገንዘብ ይገባል። ድርሻዬን ብጠይቀው «ያበደርከኝን እመልስልሃለሁ፣ ትርፍ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ያውም በቴሌግራም ድምፅ ልኮ። 180 ሺህ ብር ዛሬ ምን ይገዛል?
— ከጣና ዳር

መልስ፦ ነጋዴዎችን የሚይዘው ባልደረባዬ ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ። በእርስዎ አይደለም ወንድሜ፤ በጓደኛዎ ነው። «ብድር» የምትለው ቃል የምታድነው መስሎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። ወይ ጽሑፍ ያስፈልጋል፣ ወይ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ፊት ማመን ወይም መማል አለበት። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ብር ነበረች። ቁጥሯ ግን እስከ ዛሬ አልተነካችም። እርስዎ ራስዎ «አበድሬዋለሁ» ብለው ቢመጡ ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቅዎት ወረቀት ነበር። አሁን ግን ብድር ነው ያለው እሱ ነው። ብድር ነው ማለት ገንዘቡን ተቀብያለሁ ማለት ነው። ችሎት ፊት ከደገመው 180 ሺው ወለል ሆነልዎት፣ ከዚያ በታች አይወርዱም። የሚቀረው ክርክር ገንዘቡ የብድር ነው ወይስ የሽርክና መዋጮ የሚለው ነው።

ውል አለመጻፋችሁ ብቻውን በር አይዘጋም። የእሽሙር ማኅበር የሚባል አለ። በንግድ መዝገብ የማይመዘገብ፣ ለውጭ ሰው የማይገለጥ ሽርክና ነው። ሥራ በጀመራችሁበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ ንግድ ሕግ ነው፤ በሱ መሠረት የእሽሙር ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ማስረጃው። የላኩልንን የባንክ ደረሰኝ ፎቶ አጉልተን አየነው። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ በእርስዎ እጅ «ለሞተር መግዣ» ተጽፏል። ሁለት ቃል ናት። አብዛኛው ሰው ያን ቦታ ባዶ ይተወዋል፣ ወይም «የግል» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ከዚህች ይልቅ የወደድኩት በየወሩ ሲገባልዎት የነበረውን ነው። ባንክ ሄደው የዚያን ጊዜ ስቴትመንት ያውጡ። አንዱ ወር 9 ሺህ፣ ሌላው 4 ሺህ፣ ለጥምቀት ሰሞን ከፍ ያለ ከሆነ፣ ብድር የሚመልስ ሰው እንዲህ አይከፍልም። እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ የሚል ገንዘብ የትርፍ ድርሻ ነው።

ስልክዎን አይቀይሩ። የድምፅ መልእክቶቹንም አያጥፉ። ከዚያ ሽማግሌ ይላኩ። ከልቤ ነው፤ የሚያውቋችሁ ሰዎች ባሉበት ያልቃል። ግን ሽማግሌው የጨረሰው ነገር እዚያው ወረቀት ላይ ይውረድ፣ ይፈረምበት። አብራችሁ ከቀጠላችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። ሁለት ሰው ይበቃል፣ መነሻ ካፒታሉም 15 ሺህ ብር ነው። ጀልባውም ሞተሩም በማኅበሩ ስም ይግባ። ስለ ውል አንዱ አፍሮ ዝም ካለ እኛን ሰበብ ያድርግ፤ «ጠበቃዋ ናት ያለችው» ይበል።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዙሪያ ባለች ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የፋይናንስ ሠራተኛ ነኝ። የውሃ መውረጃ ቦይ ሊሠራ የተዋዋለ ተቋራጭ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ወሰደ። ሩብ ያህሉን ቆፍሮ ጠፋ፣ ስልኩም አይነሳም። ክረምቱ ገብቶ የቆፈረው ጉድጓድ ሰው ደጅ ላይ ውሃ ሞልቷል። ኃላፊያችን «ጠበቃ ተቀጥሮ ይከሰስ» ይላሉ።

መልስ፦ ኃላፊዎ ከመጨረሻው ነው የጀመሩት። ዛሬ ካዝናውን ይክፈቱና የዋስትና ወረቀቶቹን ያውጡ። ሁለት መሆን አለባቸው፤ አንዱ የቅድሚያ ክፍያ፣ ሌላው የውል ማስከበሪያ። ከባንክ ወይም ከኢንሹራንስ የመጡ ናቸው። ታች በትንሹ የተጻፈ የማብቂያ ቀን አላቸው። ያ ቀን ሳያልፍ «ተቋራጩ ግዴታውን አልተወጣም፣ ክፈሉን» የሚል ደብዳቤ ዋስትናውን በሰጠው ድርጅት መዝገብ ቤት ገቢ መሆን አለበት። በፖስታ መላክ አይደለም የምልዎት። ገቢ ሆኖ፣ ቀንና ማኅተም አርፎበት ቅጂው ይመለስልዎት።

አንድ መሥሪያ ቤት እኛ ጋ ሲመጣ ቀኑ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፊርማ ሲጠብቅ ነው ያለፈበት። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ዋስትናው «ቅድመ ሁኔታ የሌለው» መሆኑንም ይዩ። ከሆነ ድርጅቱ በመጀመሪያ ጥያቄ ይከፍላል። ካልሆነ ጥፋቱን አረጋግጡ ብሎ ያመላልሳችኋል። ጎን ለጎን ለተቋራጩ ባስመዘገበው አድራሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው፣ የጊዜ ገደብ ያለው። ውሉን ከማፍረሳችሁ በፊት መሐንዲሱ የተሠራውን ለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ስንት ሜትር ተቆፈረ የሚለው ተረት ነው የሚሆነው። እና እባክዎ ዙሪያውን ያሳጥሩት፤ ልጅ ከገባበት ተከሳሹ ማዘጋጃ ቤቱ ነው።

ክስ ላይ ከተደረሰ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው የፍትሕ ተቋሙ ዐቃቤ ሕግ ነው። እኛ ለእንዲህ ያለ ቢሮ የምንጠቅመው ውሉ ሳይፈረም ስናነበው ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚጠራን ግን ጉድጓዱ ውሃ ከሞላ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እናታችን ጥር 2016 ዓ.ም. አረፈች። አባታችን ቀድሞ ነው የሞተው። አራት ልጆች ነን። አምስት ዓመት ሙሉ ያስታመምኳት እኔ ነኝ፣ ቤቱም ውስጥ አብሬያት ነበርኩ። ከተዝካሯ በኋላ ታላቅ ወንድማችን ኑዛዜ አለ ብሎ አወጣ። ቤቱን ለሱ ሰጥታለች ይላል። በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። የእናቴ የጣት አሻራ አለበት፣ ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል። አንዷ የሱ ሚስት ናት። ዘመድ ሁሉ «ወንድምሽን ፍርድ ቤት ልታቆሚ ነው?» እያለ ያሸማቅቀኛል።
— እህት፣ ከዓባይ ማዶ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንቺ ብልሽ አትቀየሚ፤ ደብዳቤሽ ቤተኛ አደረገኝ።

የኑዛዜውን ፎቶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሌላ ሰው እጅ ወይም በኮምፒውተር የተጻፈ ኑዛዜ እንዲጸና ሕጉ (ቁጥር 881) የሚጠይቀው ነገር አለ። ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት። መነበቡም ቀኑም እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ሁሉም እዚያው መፈረም አለባቸው። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ሲሆን ነው። ያንቺ ወንድም ወረቀት ላይ ምስክሮቹ ሦስት ናቸው። «ተነቦልኝ» የምትል ቃልም ፈልጌ አጣሁ። የሚስቱ መፈረም ብቻውን ይጥለዋል አልልሽም፤ ዳኛ ፊት ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ሰው የጽሑፍ ማማር ኑዛዜ ያጸናል ብሎ ያስባል። ዳኛ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በእድር ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፉት ኑዛዜ ቀረበልኝ። ፊደሉ ተንሻፏል። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳቸው እጅ ነው። «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ብለዋል፣ ቀን ጽፈዋል፣ ፈርመዋል። ምስክር የሚባል የለበትም፤ በራስ እጅ ለተጻፈ አያስፈልግም። አጸናሁት። ልጆቹ ደብተሩን ሲያዩ ሊስቁ ነበር፣ በኋላ ግን ማንም አልሳቀም።

ሌላም አለ። ቤቱ የተሠራው አባትሽ በሕይወት ሳሉ፣ በትዳር ውስጥ ነው ብለሻል። እንዲያ ከሆነ ግማሹ የአባትሽ ነበር። ኑዛዜው ቢጸና እንኳ እናትሽ መስጠት የሚችሉት የራሳቸውን ድርሻ ነው፣ የአባትሽን አይደለም። በአባትሽ ድርሻ ላይ ወንድምሽ ይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው ጊዜ አልፏል የሚል መከራከሪያ፣ ሊያነሳ ስለሚችል የሞቱበትን ቀን የሚያሳይ ሰነድ ይዘሽ ነይ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ያስታመመ ልጅ በሕግ የተለየ ድርሻ የለውም። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ለመድኃኒትና ለሆስፒታል ከኪስሽ ያወጣሽው ካለ፣ ደረሰኙ ካለሽ፣ ውርሱ ሲጣራ ልታነሺው ትችያለሽ። ሌሊቱን ግን ማንም አይቆጥርልሽም።

ጊዜ አታባክኚ። ኑዛዜን ለመቃወም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ በቀን የሚቆጠርም አለበት። የውርስ ንብረት ይመለስልኝ የሚል ክስ ደግሞ መብትሽን ካወቅሽና ሌላው ንብረቱን መያዙን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። የእናትሽን የሞት ምስክር ወረቀትና ልጅነትሽን የሚያውቁ ምስክሮች ይዘሽ ማመልከቻ ታቀርቢያለሽ። ይህ ክስ አይደለም፣ ማንንም ፍርድ ቤት አላቆምሽም። ዘመዶችሽን እንዲህ በያቸው። ከዚያ በፊት ወንድምሽን ይዘሽው ብትመጪ ደግሞ የተሻለ ነው። ቡና እናፈላለን፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን፣ ምስክሮቹን ጮክ ብሎ እንዲቆጥር እጠይቀዋለሁ። እኔ ራሴ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ አስታርቄያለሁ። ያልታረቀም አለ።

ጥያቄ፦ ዘንዘልማ አካባቢ ከገበሬ ላይ 200 ካሬ መሬት በሽማግሌ ውል ገዛሁ። ስሙን ወደኔ ለማዞር ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ አይዞርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሽማግሌው አሥር ቢሆን ውሉ ፈራሽ ነው። ሊጠይቁ የሚችሉት የከፈሉትን ገንዘብ ነው። ቤት ካልሠሩበት አይጀምሩ፤ አጥሩንም ይተዉት።

ጥያቄ፦ እናንተ ቢሮ ሦስት ጠበቃ አለ አሉ። ብመጣ ሦስቱም ያስከፍሉኛል?

መልስ፦ የሚያስከፍልዎ ጉዳይዎን የያዘው ነው። ሌሎቹ በነፃ ጣልቃ ይገባሉ። በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች ተሰብስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ የተፈቀደው በአዋጅ 1249/2013 ነው፤ ከዚያ በፊት ፈቃዱ የግለሰብ ብቻ ነበር። ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የጥብቅና ክፍያው በጽሑፍ ውል ይሁን፣ ደረሰኝ ይቀበሉ። ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ ከኛ ሒሳብ ውጭ መሆኑን ቀድመው ይወቁ። አቅም ከሌለዎት የዳኝነቱን ሳይከፍሉ በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል፣ ከቀበሌ ማስረጃ ይዘው ይምጡ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ባለፈው ሐሙስ የፍቺ ጉዳይ ሊያማክሩኝ መጥተው ጥቁር ጥላና የልጅዎን የክትባት ካርድ ረስተው የሄዱት እናት፣ ሁለቱም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ጭማቂ ቤቱ ካሸሪ ጋም ቁልፍ አለ።