የ1972ቷን ኤምጂቢ ከመግዛትህ በፊት ከበሩ ሥር ተመልከት

ሰላም ወንድሜ። ለንደን ውስጥ በ9,500 ፓውንድ ለሽያጭ የቀረበች የ1972 ኤምጂቢ ክፍት መኪና አይተህ፣ ሻጩ «ቀለሟ አዲስ ነው፣ ከበር ሥር ያለው ላሜራም ተቀይሯል፣ ኤምኦቲ (የእንግሊዝ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ) አያስፈልጋትም» ስላለህ ልግዛት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ሞተሩን ለጊዜው ተወው። የኤምጂቢን ዋጋ የሚወስነው ዝገት ነው፤ ለሞተሩ መለዋወጫ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል።

ይቺ መኪና ራሱን የቻለ ቻንሲ የላትም። ጣሪያም ስለሌላት አካሏን የሚያጠነክረው በየበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ሳጥን ነው። ሳጥኑ የውጭ፣ የመሐልና የውስጥ ላሜራ አለው፤ ከታች ደግሞ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነ ድጋፍ ርዝመቱን ይዞ ይሄዳል። መሐሉ በስብሶ ውጩ ብቻ ከተቀየረ አዲሱ ላሜራ የሚይዘው ነገር የለም። ሥራው በትክክል ሲሠራ በቡሎን የታሰረው የፊት ፓራፋንጎ ይወልቃል፣ የኋላው ታችኛ ክፍል ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል፤ የውጩ ላሜራ ጫፎች ከሁለቱ ኋላ ስለሚገቡ። ስለዚህ «ፓራፋንጎው ወልቆ ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቅ፣ የሥራውንም ፎቶ አሳየኝ በል። ከዚያ ሥሯ ገብተህ በባትሪ እያበራህ ጥርሶቹን ፈልግ። ካልታዩህ አሮጌው ላይ ላሜራ ተለጥፎበታል፤ እንዲህ ያለውን እኔ በግማሽ ዋጋም አልመክርህም።

የበሩን ክፍተት በደንብ እይ። በሩና የኋላ ፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ አካሏ መሐል ላይ ጎብጧል። በሩን ዘግተህ ጎኗን በክሪክ ስታነሳ ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ ትተሃት ሂድ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ሳጥኑ ሲቆረጥ በሩ ቦታ ላይ ደጋፊ ብረት ሳይበየድ ሲቀር ነው።

ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ይዘህ ሂድ፤ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። በተለይ ከፊት ጎማ ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ ታችኛ ጫፍ ሞክር። እዚያ ያለው መከላከያ ጎሚኒ ሲያረጅ ጭቃ ገብቶ እርጥበት ይይዝና ከውስጥ ይበላዋል። ከመቀመጫዎቹ ኋላ ያሉትን የሁለቱን 6 ቮልት ባትሪዎች ማስቀመጫና ባሌስትራው ከፊት የሚታሰርበትን ቦታም እይ።

ሰሌዳው ላይ ያለው የቻንሲ ቁጥር በጂኤችኤን5 መጀመር አለበት። ጂኤችዲ5 ከሆነ ጣሪያ የነበራት ጂቲ ናት ማለት ነው።

ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲጠብቅህ ለሻጩ ቀድመህ ንገረው። ከሞቀ በኋላ በ3,000 ዙር የዘይት ግፊቱ 50 ፒኤስአይና ከዚያ በላይ፣ ሚኒሞ ላይ 15 አካባቢ ቢያሳይ ጥሩ ነው። ኦቨርድራይቭ (ፍጥነቱ ሳይቀንስ የሞተሩን ዙር የሚያወርድ ተጨማሪ ማርሽ) ካላት በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ ስትከፍተው የሞተሩ ዙር ወደ 20 በመቶ መውረድ አለበት። ካልሠራ መጀመሪያ ሽቦውንና የካምቢዮውን ዘይት ልክ ተመልከት፤ ካምቢዮውና ኦቨርድራይቩ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው።

የፊት ጎማውን አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲይዝ አድርግ፤ መነቃነቁ ከቆመ ችግሩ ኩሽኔታው ነው፣ ካልቆመ መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ፒን ነው። በየጎኑ 3 የግሪስ ማስገቢያ ስላለ በየ3,000 ማይሉ ካልተቀባ ያልቃል። ቸርኬዋ የሽቦ ከሆነ የእጅ ፍሬን ይዘህ የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ ግፋው፤ «ቋ» ካለ ቸርኬው የሚያያዝበት ጥርስ አልቋል።

ኤምኦቲ የማያስፈልጋት 40 ዓመት ስላለፋት እንጂ ደህና ስለሆነች አይደለም። በሰሌዳ ቁጥሯ የድሮ ምርመራዋን በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ታያለህ፤ «ዝገት» ተብሎ የተጻፈው የት ቦታ ላይ እንደሆነ ያዝና እዚያው ሂደህ ፈልግ። ሻጩ በራሱ ወጪ አሁን ኤምኦቲ እንዲያስመረምራት መጠየቅም ትችላለህ፤ እምቢ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቀው። ከገዛሃት ደግሞ ኢ5 ቤንዚን (ኢታኖሉ እስከ 5 በመቶ የሆነውን) ቅዳላት፣ ያረጁትን የነዳጅ ቱቦዎች በመጀመሪያው ሳምንት ቀይር፤ ኢታኖሉ እስከ 10 በመቶ የሚደርሰው ኢ10 የአሮጌ ቱቦ ጎማ ያበላሻል፣ የሚያፈሰውም ከጋለው ማርሚታ አጠገብ ነው።